ስለ አንድ አሮጌ የጦር መኪና ፍሬን

የሰው ልጅ ስለ ፍጥነት ብዙ ተናግሯል፤ ብዙም ጽፏል። ፈረሱም ሆነ ባቡሩ፣ መኪናውም ሆነ አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደሚሮጥ ሁልጊዜ ይጠየቃል፤ እንዴት እንደሚቆም ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አዲስ መኪና የገዛን ሰው ጎረቤቶቹ ከበው ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲጠይቁት ይውላሉ እንጂ «ፍሬኑስ እንዴት ነው?» ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሞተ መኪና ባለበት ቆሞ ይቀራል እንጂ በማንም ላይ አይሄድም። ፍሬኑ የሞተ መኪና ግን ሞተሩ ብርቱ በሆነ መጠን አደገኛነቱ እየባሰ ይሄዳል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ አገር ፍቅር እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በእጄ ስለ ዳሰስሁት ነገር፣ ይኸውም ስለ አንድ አሮጌ የጦር መኪና የፍሬን ማስተር እድሳት ልጽፍ ፈቀድሁ። ነገሩ ዘይትና ዝገት የበዛበት ቢሆንም በፊዚክስ ክፍል ከተማርነው ብዙው በውስጡ ይገኛል፤ ደግሞም የአባቴ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነበርና አንባቢን ያሰለቻል ብዬ አላምንም።

አስቀድሜ ስለ መኪናው ጥቂት ልናገር። በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ፣ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ለጦር ሠራዊታችን ብዙ መሣሪያና ተሽከርካሪ ከዚያ አገር ይመጣ ነበር። አባቴ የሚነዱት መኪናም የዚያ ዘመን ሰው ነው። ስሙ ኤም 35 ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሠራው ሬኦ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ወታደሮች «ሁለት ቶን ተኩል» እያሉ ይጠሩታል፤ ምክንያቱም መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይ ይህን ያህል እንዲጭን ታስቦ ስለ ተሠራ ነው። በደኅና መንገድ ላይ ግን እስከ አምስት ቶን ይሸከማል። የፊቱም የኋላውም እግሮቹ ሁሉ በሞተር ይዞራሉ። ሞተሩም በናፍጣ ብቻ ሳይሆን በላምባና በሌላም ነዳጅ ጭምር እንዲሠራ ሆኖ የተበጀ ነው። ይህ አዛውንት የጦር ልብሱን ካወለቀ በኋላ በሐራጅ ተሽጦ በነጋዴ እጅ ገባ፤ አሁን ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት እየጫነ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል።

ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ «ይወርዳል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ከተማችን ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከሉ የደንገጎ ቁልቁለት አለ፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ በአጭር ርቀት ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ያወርዳል። በክፍላችን እንደ ተማርነው አድርጌ አንድ ቀን በደብተሬ ላይ አሰላሁት። መኪናውና ጭነቱ በአንድነት 10 ቶን ቢመዝኑ፣ 800 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል 78 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ኃይል 230 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከፊሉን በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘ ሞተር ይችለዋል፤ የቀረው ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡሮ ላይ ያርፋል።

ታዲያ የሰው እግር ዐሥር ቶንን እንዴት ሊያቆም ይችላል? መልሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1623 እስከ 1662 ዓ.ም. የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስተማረን ሕግ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዳረሳል። ለማስረዳት ያህል በምሳሌ እንመልከተው። ሾፌሩ ፔዳሉን በ40 ኪሎ ኃይል ረገጠ እንበል። ፔዳሉ ራሱ እንደ መፈንቅያ ሆኖ ኃይሉን አምስት እጥፍ ካደረገው በፒስተኑ ላይ 200 ኪሎ ያርፋል። የፒስተኑ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በዘይቱ ውስጥ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግፊት ይፈጠራል ማለት ነው። በጎማው በኩል ያለው ፒስተን 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሸራውን በ320 ኪሎ ይገፋዋል። እንዲህ ያለው ግፊት በስድስቱም እግሮች ላይ እኩል ይደርሳል። በኤም 35 ላይ ደግሞ የታመቀ አየር ይህን ግፊት እንደገና የሚያበረታ መሣሪያ አለ።

ማልኮም ሎክሂድ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ሕግ በመኪና ፍሬን ላይ አውሎ በ1917 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1921 ደግሞ ዱዘንበርግ የሚባለው መኪና በአራቱም እግሩ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይዞ ወጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ዘይቱን የሚያግደው ቆዳ ስለ ነበር ያፈስ ነበር፤ በኋላ የክራይስለር መሐንዲሶች በጎማ ተኩት። እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላ እኛም በድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የምንጨነቀው ስለዚያች ጎማ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት ተፈጽሞ ክረምቱ ሲገባ፣ አባቴ «በረንዳ ላይ ከምትቀመጥ እጅህ አንድ ነገር ይልመድ» ብለው ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰዱኝ። ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራቸው «አለቃ» እያለ ነው። በከተማችን ልማድ «አንቱ» መባባል እምብዛም የለምና፣ በጋራዡም ትንሹም ትልቁም የሚነጋገረው «አንተ» እየተባባለ ነው። በጽሑፍ ግን ታላላቆቼን በአክብሮት ልጥራቸው፤ የተናገሩትን እንደ ተናገሩት አስቀምጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከወትሮው ዘግይተው መጡ። ከመኪናው ወርደው ምንም ሳይናገሩ ውኃ ጠየቁ፤ ከጠጡም በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ደንገጎ ላይ በጎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆምሁ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ወረደ። ወለሉን እስኪነካ ድረስ ወረደ። ደግሜ ስረግጠው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ነው የመጣሁት።»

ረዳቱም በየመታጠፊያው ድንጋይ ይዞ ከጎን ሲሮጥ እንደ ነበረ ከእጁ መላላጥ ተረዳሁ። አለቃ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ዘይቱ ጎድሏል?» አባቴ «አንዲት ጠብታ አልጎደለም» አሉ። አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህች ጥያቄ ለምን እንደ ተጠየቀች የገባኝ ቆይቶ ነው። ዘይት ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ ማጠራቀሚያው ይጎድላል፤ ከጎማዎቹ ወይም ከቱቦዎቹ በአንዱ ዘንድም እርጥበት ይታያል። ዘይቱ ሳይጎድል ፔዳሉ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱ ከውስጥ፣ ግፊት ካለበት ወገን ግፊት ወደሌለበት ወገን እያመለጠ ነው ማለት ነው። ሌባው ከቤት ውስጥ ነው። አለቃ ግን በግምት አልወሰኑም። ከማስተሩ የሚወጣውን ቱቦ ፈትተው አፉን በቡሎን ጥርቅም አድርገው ዘጉትና እኔን ወደ ሾፌሩ ወንበር ሰደዱኝ። «በቀስታ ረግጠህ ያዝ» አሉኝ። ያዝሁ። መውጫው ተዘግቶ ሳለ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ሊጠነክር ሲገባው፣ እግሬን ተከትሎ ቀስ እያለ ሰመጠ። ስለዚህ በሽታው ከቱቦው ወይም ከጎማዎቹ ዘንድ ሳይሆን በማስተሩ በራሱ ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ይይዝ ነበር፤ በቀስታ ሲያዝ ብቻ ነበር የሚወርደው። ምክንያቱም ጎሚኒ የምንላት የጎማ ጽዋ ከንፈሯ ወደ ግፊቱ የዞረ ስለ ሆነ፣ ግፊቱ በበረታ ቁጥር ከንፈሯ ተከፍቶ ግድግዳውን አጥብቆ ይይዛል። ግፊቱ ሲላላ ግን ይዞታዋም ይላላል። ብዙ ሾፌሮች «ፍሬኔ ይይዛል» ብለው የሚታለሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማስተሩ በኤም 35 ላይ የሚገኘው ከሾፌሩ እግር በታች፣ ከወለሉ ሥር ነው። ከመፍታቴ በፊት አለቃ እርሳስና ወረቀት አስያዙኝ። «መጀመሪያ ሣል። እጅህ የፈታውን ዐይንህ ይረሳዋል፤ ወረቀት ግን አይረሳም» አሉኝ። እኔም እያንዳንዱን ክፍል፣ ቱቦው የሚገባበትን አቅጣጫ፣ በማጠራቀሚያው ሥር ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ሳይቀር ሣልሁ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንደኛው ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የስፌት መርፌ በጭንቅ የሚያሳልፍ ጥቃቅን ነበር። ከዚያም ቡሎኖቹን ፈትተን ዕቃውን ወደ ጠረጴዛ አመጣነው።

በውስጡ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው። ከኋላ አቧራ መከላከያው ጎማ ይወልቃል፤ ቀጥሎ ቀለበቱ በፒንሳ ይወጣል፤ ከዚያ ፒስተኑ ከኋለኛው ጎሚኒ ጋር፣ ከእርሱም ፊት ዋናው ጎሚኒ፣ ከዚያም ሞላውና በመጨረሻ ጥግ ላይ ያለው ትንሽ ማገጃ ይከተላሉ። ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ ስናፈሰው ቀለሙ የቡና አተላ ይመስል ነበር። አለቃ ጣታቸውን ነክረው አሻሹትና «ይህ ዘይት ውኃ ጠጥቷል» አሉ።

የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ይህም ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛው ዝገት ነው። ሁለተኛው የመፍሊያውን ደረጃ መቀነሱ ነው፤ ለምሳሌ ዶት 3 የሚባለው ዘይት በአዲስነቱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ሲጠበቅበት፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሮው ሲግል ውኃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎትም ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ይጨመቃልና፣ ሾፌሩ ረገጥሁ ሲል አየር ይረግጣል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ጦር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ እርጥበት ወደማይስበው የሲሊኮን ዘይት መዞሩን አለቃ ነግረውኛል። ሁለቱን ዓይነት መቀላቀል ግን ክልክል ነው።

ዕቃዎቹን ያጠብነው በአልኮል ነው። በቤንዚን ወይም በላምባ ማጠብ የተከለከለ ነው፤ የማዕድን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋልና። ከታጠበ በኋላ አለቃ ማስተሩን ወደ ፀሐይ አዙረው በውስጡ ተመለከቱ፤ ከዚያም ለእኔ ሰጡኝ። እንደ መስተዋት ሊያበራ በሚገባው ግድግዳ ላይ፣ ጎሚኒው በሚመላለስበት ቦታ፣ ፈንጣጣ እንደ ያዘው ፊት የተበሳሱ የዝገት ጉድጓዶች ነበሩ። ቀለል ያለ ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ወይም በማለስለሻ ድንጋይ ይወጣል። ይህ ግን የሚወጣ አልነበረም።

በዚህ መካከል ባለ መኪናው መጡ። ድንቹ ሐረማያ ላይ በጆንያ ተሰፍቶ እንደሚጠብቅ፣ ዝናቡም እያበሰበሰው እንደሆነ ተናገሩና «ጎሚኒውን ለውጥና ስደደው፤ ነገ መውጣት አለበት» አሉ። እውነትም አዲስ ጎሚኒ በከተማው ይገኝ ነበር፤ ሥራውም በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነበር። አለቃ «አይሆንም» ሲሉ፣ ባለ መኪናው ወደ አባቴ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ? ሾፌር እንደሆነ አላጣም» አሏቸው።

እንግዲህ አባቴ ደመወዛቸውን የሚያገኙት በምልልስ ነው። መኪናው በቆመ ቀን የእኛም ቤት ይቆማል፤ የእኔም የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ የሚመጣው ከዚያው ነው። አባቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በጠረጴዛው ላይ፣ ከተፈታው ፒስተን አጠገብ አስቀመጡት። «ቁልፉ ይኸውልህ፤ እኔ በዚህ አልወርድም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም ነበር። እኔ በልቤ የቤታችንን ነገር እያሰብሁ ተንቀጠቀጥሁ።

ጠቡ ሊከርር ሲል አለቃ «እስቲ ጣትህን ስጠኝ» ብለው የባለ መኪናውን እጅ ያዙ። የትንሿን ጣት ጥፍር በማስተሩ ውስጥ አስገብተው ቀስ አድርገው ጎተቱ። ጥፍሩ ጉድጓዱ ላይ ደርሶ ያዘ። «ጥፍርህን የያዘ ጉድጓድ ጎማውን ይበላዋል። አዲስ ጎሚኒ ባደርግ ነገ ይይዝልሃል፤ ከነገ ወዲያም ይይዝልሃል። ከዚያ በኋላ ከንፈሩ ይላጥና እንደዛሬው ይሆናል፤ የሚሆነው ግን እዚህ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ደንገጎ ላይ ነው። ይህ መኪና ስድስቱንም እግሩን በአንድ ማስተር ነው የሚያቆመው፤ ሁለተኛ የለውም» አሏቸው።

ባለ መኪናው ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ስንት ቀን?» አሉ። አለቃ «ሦስት» አሉ። ቁልፉንም አንሥተው ለአባቴ መለሱላቸው።

አዲስ ማስተር ከውጭ ማስመጣት ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ የተመረጠው መንገድ ግድግዳውን በቶርኖ አስፍቶ በውስጡ አዲስ የናስ እጅጌ ማልበስ ነበር። ለዚህም ከምድር ባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድሁ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደረሰባት ጊዜ ነው። የባቡሩ ጋራዥ ለብዙ ዘመን የቶርኖና የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። አዲሱ የባቡር መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰው ስለ አሮጌው ሲያወራ እንደ ተረት ነው፤ የእጅ ሙያው ግን በእነዚህ አዛውንቶች ጣት ላይ እስካሁን አለ።

አዛውንቱ ማስተሩን በቶርኖው ላይ ሲያስሩ እንኳ አልተቻኮሉም። ያረጀውን ግድግዳ እየላጡ፣ በየጊዜው እየለኩ አሰፉት፤ የናሱንም እጅጌ በልኩ ሠርተው በኃይል አስገቡት። ከዚያም በማጠራቀሚያው አፍ በኩል ሰፊውን ቀዳዳ በእጅጌው ላይ በሱ። ውስጡን ለማለስለስ ሲዘጋጁ እኔ ወረቀቴን አውጥቼ ተመለከትሁ፤ በሥዕሌ ላይ ቀዳዳዎቹ ሁለት ናቸው።

«አባባ፣ ትንሿ ቀዳዳ የታለች?» አልኋቸው።

«የቷ ትንሽ?» አሉ። ከላይ ስትታይ ከዝገት ነጥብ ስለማትለይ፣ እርሳቸውም የዝገት ብስ መስላቸው ነበር። ሥዕሉን ሰጠኋቸውና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። ከዚያ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከእጅጌው ጋር ስትጋጭ ሰሙ። ምንም ሳይናገሩ በጣም ቀጭኑን መሰርሰሪያ ፈልገው በሷት፤ በውስጥ በኩል የቀረውንም ስለት ጎማውን እንዳይቆርጥ አለሰለሱት። ሲጨርሱ «ይህችን ወረቀት አትጣላት» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያች ቀዳዳ ተደፍና ብትቀር ኖሮ ፍሬኑ አይይዝም ነበር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይይዝ ነበር። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ በቱቦው ውስጥ የተረፈው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በእርሷ በኩል ነው። መመለሻ ካጣ ሸራው ከታምቡሮው ሳይላቀቅ ይቀራል፤ እየተፋተገም ይግላል። ሙቀቱ ዘይቱን ያስፋፋዋል፤ የሰፋው ዘይት ደግሞ ፍሬኑን የበለጠ ያስይዘዋል። በዚህ ዓይነት መኪናው በገዛ ፍሬኑ ይቃጠላል። መያዝ ብቻውን ፍሬን አይባልም፤ መልቀቅም ሲጨመርበት ነው። በዚሁ ምክንያት በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው ግዴታ ነው፤ ክፍተቱ ከጠፋ ጎሚኒው ወደ ቦታው አይመለስምና ያችኑ ቀዳዳ ሸፍኖ ይቀራል።

በሦስተኛው ቀን ገጠምነው። አዲሶቹን ጎሚኒዎች በንጹሕ የፍሬን ዘይት አርጥበን፣ ከንፈራቸውን ወደ ግፊቱ ወገን አዙረን አስገባን። በጠረጴዛው ላይ ሳለ ዘይት ሞልተን ፒስተኑን በቀስታ እየገፋን የአየሩን አረፋ እስኪያልቅ አስወጣን። ከዚያም ከወለሉ ሥር በቦታው አስረን፣ በየመጋጠሚያው ያለውን አየር ማስወጣት ጀመርን። በመጀመሪያ ከአየር ማበርቻው፣ ቀጥሎም ከሩቁ ጎማ ጀምረን ወደ ቅርቡ መጣን። አባቴ በወንበሩ ላይ፣ አለቃ ከጎማው ሥር፣ እኔ ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ዘይት እየጨመርሁ። «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» የሚለው ድምፅ እስከ ማታ ድረስ አልተቋረጠም። አሮጌው ቡናማ ዘይት አልቆ ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ በስድስቱም እግሮች ይህንኑ ደጋገምን።

ምርመራው ሁለት ነበር። አባቴ ፔዳሉን በቀስታ ረግጠው አምስት ደቂቃ ያዙ፤ አለቃም ሰዓታቸውን ይመለከቱ ነበር። ፔዳሉ አልወረደም። ቀጥሎም መኪናውን በክሪክ አንሥተን፣ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ እያንዳንዱን ጎማ በእጄ አዞርሁ። ሁሉም ያለ ችግር ዞሩ።

በማግሥቱ በባዶው በከተማው ውስጥ ተሞከረ። በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ሐረማያ ወጥተን ድንቹን ጫንን፤ እኔም ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ደንገጎ አፋፍ ላይ ስንደርስ አባቴ መኪናውን አቁመው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ገቡና «በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ አዲስ ፍሬን አገኘሁ ብለህ ሕጉን አትለውጥ» አሉኝ። ከዚያም ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ፔዳሉን የሚነኩት አልፎ አልፎ ነበር፤ ረግጠው ያቀዘቅዛሉ፣ ከዚያ ይለቃሉ፤ ሸራው እንዲተነፍስ። በጎች ባቆሙን ቦታ ሲደርሱ መኪናውን አቆሙና እግራቸውን በፔዳሉ ላይ እንዳደረጉ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ዐይናቸው መንገዱን ሳይሆን ጉልበታቸውን ይመለከት ነበር። ጉልበታቸው ከቦታው አልተነቃነቀም። እኔም ያን ጊዜ ትንፋሼን ለቀቅሁ። ከተማ ገብተን እጄን ወደ ታምቡሮዎቹ ባስጠጋሁ ጊዜ ሁሉም እኩል ሞቀው ነበር፤ የሚሸት የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ባለ መኪናውም በዚያው ሳምንት የሌሎቹን መኪናዎቻቸውን የፍሬን ዘይት እንዲለወጥ አዘዙ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁትን ለጓደኞቼ ባጭሩ ላቅርብ። አንደኛ፣ የፓስካልን ሕግ ለፈተና ብቻ አንማረው፤ ከሐረማያ የሚወርደው እያንዳንዱ ሾፌር በእግሩ ሥር ይዞት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ሥዕል መሣል የሚያስፈልገው ለሠዓሊ ብቻ አይደለም፤ በእርሳስ የተሣለች አንዲት ነጥብ ስድስት ታምቡሮ ከመቃጠል ታድናለች። ሦስተኛ፣ «አይሆንም» ማለት የሚከብደው ሰው ገንዘቡ በሌላው እጅ ላይ በሆነ ጊዜ ነው። አባቴ ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ያየሁትን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

መኪና ላላችሁ ወላጆችና መምህራንም የአለቃን ምክር ላስተላልፍ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ፤ ክዳኑ ተከፍቶ አይደር፤ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ የሆነው ጠርሙስ ይጣል፤ በፍሬን ዘይት ቦታ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይግባ። ዛሬ ማታም ወደ ቤታችሁ ስትደርሱ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ፔዳሉን በቀስታ ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር እየሸሸ ከወረደ፣ ነገ ጧት ልጆቻችሁ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ይምጡ፤ መኪናውም ወደ መካኒክ ይሂድ።